ጂኑን ከማብዛታችሁ በፊት «የት?» በሉ

በዕፅዋት ባዮቴክኖሎጂ ለምትሠሩ ልጆቼ፣

ለመመረቂያ የሚቀርቡ ብዙ የጥናት ዕቅዶችን አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ ይመሳሰላሉ። ጥሩ ጂን ይመረጣል፤ ከዚያ በመላ ተክሉ ውስጥ በብዛት እንዲሠራ ይደረጋል። ለዚህ የሚመረጠው ከአበባ ጎመን ቫይረስ የተገኘው 35ኤስ ፕሮሞተር ነው፤ ፕሮሞተር ማለት ጂኑ የትና መቼ እንደሚሠራ የሚወስን የዲኤንኤ ክፍል ነው። ከሥር እስከ ቅጠል በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ጂኑን ያሠራዋል። ቀላል ነው፣ በየላብራቶሪውም አይጠፋም። ንጥረ ነገር ስለሚያጓጉዙ ጂኖች ስትሠሩ ግን እባካችሁ አትቸኩሉ።

አራቢዶፕሲስ በምትባለው ትንሽ የቤተ ሙከራ ተክል ላይ የተሠራውን፣ ሶዲየም የሚያጓጉዘውን የኤችኬቲ1 ጂን ጥናት ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። ጨው በሥር ይገባል፣ ዛይለም በሚባለው ቱቦ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠል ላይ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል፤ ቅጠሉን የሚጎዳው ይህ ክምችት ነው። የኤችኬቲ1 ፕሮቲን በዛይለም ዙሪያ ባሉ የሥር ሴሎች ውስጥ ሆኖ የጨውን ሶዲየም ከሚወጣው ፈሳሽ ላይ እየቀነሰ እዚያው ሥር ውስጥ ያስቀረዋል። ጂኑን በ35ኤስ በሁሉም ሴል ሲያሠሩት ምን ሆነ? ከአፈር ጋር የሚገናኙት ሴሎችም ሶዲየም የሚያስገባ በር አገኙ። ቅጠሉ ላይ ጨው በዛ፣ ተክሉ ባሰበት። በ2009 የታተመው ሥራ ደግሞ ያንኑ ጂን በሥሩ መካከለኛ ክፍል፣ በዛይለም ዙሪያ ብቻ አሠራው። ቅጠል የሚደርሰው ሶዲየም ከ37 እስከ 64 በመቶ ቀነሰ። የተለወጠው ቦታው ብቻ ነበር!

ስንዴም ላይ ታይቷል። በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ የመጣ የዚሁ ቤተሰብ ጂን ያለው የፓስታ ስንዴ፣ ጨዋማ ማሳ ላይ ጂኑ ከሌለው አቻው 25 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጠ። የገባው በተራ ማዳቀል ስለሆነ የራሱን ፕሮሞተር ይዞ ነው የመጣው። ማዳቀልን እንደ ኋላ ቀር ሥራ የምታዩ ካላችሁ ይህን አስቡበት። በመስኖ የሚለማው የመካከለኛው አዋሽ መሬታችን በጨው እየተጎዳ ነውና ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ አናቶሚ፣ የተክሉን የውስጥ አወቃቀር ማየት፣ አትዝለሉ። ፕሮሞተራችሁን ጉስ ከሚባለው፣ የሚሠራበትን ቦታ በሰማያዊ ቀለም ከሚያሳየው ጂን ጋር አያይዙት። ችግኙን ቀለም በሌለውና ጉስ ሲያገኘው ሰማያዊ በሚሰጠው ኤክስ ግሉክ ውስጥ አሳድሩት፣ በማግስቱ አረንጓዴውን በ70 በመቶ አልኮል እጠቡት። ከዚያ ሥሩን በአዲስ ምላጭ ስስ አድርጋችሁ አግድም ቁረጡና ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። ሰማያዊው መሃል ላይ ነው ወይስ ቆዳው ላይ? ሙሉውን ሥር ከውጭ አይታችሁ «ሥር ላይ ይሠራል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ከላይ ሲታይ ሁሉም ሰማያዊ ይመስላል። ጨው ከሰጣችሁት በኋላም ድገሙት፤ አንዳንድ ፕሮሞተር ተክሉ ሲጨነቅ ሌላ ቦታ ላይ ይነሣል። የቅጠሉን ሶዲየም መለካት ከዚህ በኋላ ይደርሳል።