«ሠራተኛዋ» ስሟ ማን ነው?

ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳር የምትገቡ ወገኖቼ፣ ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአገር ስንወጣ ይዘነው የወጣነው አማርኛ እኛ ዘንድ እንዳለ ቢቆይም አገር ቤት ተቀይሯል፤ ቤት ውስጥ በሚሠሩ ሰዎች መጠሪያ ላይ ደግሞ ይብሳል።

እኔ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሽምብጥ ሰፈር እናቴ ቤት ገብቼ ገና ሳልቀመጥ «ገረዷ ቡና ታፍላልን» አልኩ። እናቴ ክው አለች። ልጅቷ ምንም ሳትል ጓዳ ገባች፤ ቡናውም ያን ቀን ሳይፈላ ቀረ። በልጅነቴ ሁሉም የሚለው ቃል ነበር፣ ዛሬ ስድብ ሆኗል። አሁን «የቤት ሠራተኛ» ነው የሚባለው፤ እሱንም ፊቷ ማንም አይላትም፣ በስሟ ትጠራለች። በዕድሜ የገፉትን «አንቺ» ማለትማ የማይታሰብ ነው። እንጀራ ጋጋሪያችን ስልሳን አልፈዋል፤ ሒሳባቸውን የምትከፍላቸው እናቴ እንኳ «እርስዎ» ነው የምትላቸው።

ጋጋሪ በቀኗ መጥታ ሊጡን ጨርሳ ትሄዳለች። «ተመላላሽ» ጠዋት ገብታ ማታ ቤቷ ታድራለች። እዚያው የምትኖረው «አዳሪ» ትባላለች፤ እዚህ ላይ ግን ምላሳችሁን ያዙ። ውጭ የተወለደው የወንድሜ ልጅ ደላላውን «ሴት አዳሪ አለህ?» ብሎ ጠየቀው። «ሴተኛ አዳሪ» ምን ማለት እንደሆነ ለልጁ ያስረዳሁት ታክሲ ውስጥ ነው። በዚያ ደላላ በር እስካሁን አቀርቅሬ ነው የማልፈው።

ለዚሁ ልጅ ዘመድ ሚስት ሲያጭለት «ባለሙያ ናት» ቢሉት፣ «በምን ተመረቀች?» አለ። ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ መሥራቷን ነበር የሚያወሩለት።

እናታችሁን ቅጽ ላይ «ሥራ የላትም» ብላችሁ የምትሞሉም አላችሁ። «የቤት እመቤት» በሉ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ቆመን «እመቤቴ» የምንልበት ቃል እኮ ነው። ክብሩ ደመወዝና ጡረታ ባያመጣላትም፣ ቢያንስ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ እንደምትውል አይክድም።

ወደ ሠራተኛዋ ልመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን አያካትትም። መጠሪያዋ «ሠራተኛ» ነው፣ የሠራተኛው አዋጅ ግን አያውቃትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው ቤት ለምትኖር ሠራተኛ መኝታዋ፣ ምግቧና ዕረፍቷ ጤናዋን የሚጠብቅ እንዲሆን ያዝዛል፤ የቀረው በእናንተና በእሷ ስምምነት ነው። ስለዚህ ደመወዟንና የዕረፍት ቀኗን ቁርጥ አድርጋችሁ በጽሑፍ ያዙ። በበዓል ሞቅታ ደመወዝ እጥፍ አድርጋችሁ፣ ስትመለሱ ዕዳውን ለእናታችሁ አትተዉ።

እኛ ቤት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያለው ጊዜ የእሷ ነው፤ እንግዳ መጣ ተብሎ አይነካም። ከውጭ የመጣ ልጅም ከእንግዳ ይቆጠራል።