ኩባያ ላይ ላፍላው ወይስ ጄሪካኑ ላይ ልዝራው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በተከራየሁት ቤት ደጃፍ አናታቸውን ያስቆረጥኳቸው አራት ባለ 20 ሊትር የዘይት ጄሪካኖች አሉኝ። አምና ካሮት፣ ዱባና ቲማቲም በእርጎ ኩባያ አፍልቼ ወደ ጄሪካኖቹ አዛወርኩ። ቲማቲሙ ጸደቀ፤ ካሮቱ ግን ሁለትና ሦስት እግር አወጣ፣ ዱባውም ጠውልጎ ቀረ። ዘንድሮ ጎረቤቴ «ምን ያደክምሻል፣ እዚያው ዝሪው» ስላለችኝ ኅዳር ላይ ሁሉንም በቀጥታ ዘራሁ። ካሮቱ አምሯል። ቲማቲሙ ግን በበቀለ በሳምንቱ ከአፈሩ ልክ ቀጥኖ ተኛ፤ ዱባው ጭራሽ አልወጣም። እርስዎ የቱን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤትሽ ምክር ግማሹ ልክ ነው። ካሮት መጀመሪያ የሚያወጣው አንዱን ቀጭን ሥር ነው፤ ኋላ የምንበላው እሱን ነው። ጫፉ የኩባያውን ቂጥ ከነካ ወይም ስታዛውሪው ከተቆረጠ ይቀነጠሳል፣ ከጎኑም ሌላ እግር ይወጣል። ስለዚህ ካሮትንም ቀይ ሥርንም የሚያድጉበት ቦታ ላይ ዝሪያቸው፤ ኋላ ሲጠቀጠቁ አሳሺያቸው። ጠጠርና ያልበሰለ ፍግም ካሮትን ስለሚያጣምም አፈሩን ንፊው።

የቲማቲሙ ነገር ሌላ ነው፤ በእኔም ስለደረሰ አውቀዋለሁ። አንድ ጥቅምት ትልቅ በርሜል ግማሽ ላይ ቲማቲም ዘርቼ ጧትና ማታ እስኪጠግብ አጠጣሁት። በቅሎ አለቀ። ዘር የሸጠልኝን ሰው ወቀስኩት፤ ዘሩ ግን ምንም አልነበረበትም። ሥሩ ክር የምታህል ችግኝ ያን ሁሉ ውኃ ጠጥታ አትጨርሰውም። አፈሩ ለቀናት እንደራሰ ይቆያል፣ የደጋው ብርድ ይጨመርበታል፤ ሻጋታ ግንዱን ከአፈሩ ልክ ይበላዋል። የአካባቢያችን መረሬ (ጥቁሩ ጭቃማ አፈር) ደግሞ ውኃ ይዞ አይለቅም። አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ የበሰለ ፍግ ቀላቅዪበት (ፍጉ ሁሉ ኩበት ሆኖ ምድጃ በሚገባበት አገር ማግኘቱ እንደማይቀል ይገባኛል፤ የወጥ ቤት ጥራጊ አብላልተሽም ይሆናል)። የጄሪካኑን ቂጥ በጋለ ብረት አምስት ስድስት ቦታ ብሺው።

ቲማቲምን እንደ አምናው በኩባያ አፍዪው። ማዛወር ይወዳል፤ ግንዱን እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ብትቀብሪው ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል። ጥቅል ጎመንም በፍል ነው የሚሻለው። የግድ ጄሪካኑ ላይ ልዝራ ካልሽ ሙሉውን አታርሺው፤ ዘሩ ዙሪያ በሻይ ብርጭቆ ጠብ አድርጊለት፣ ተክሉ ሲሰፋ ውኃውንም አስፊው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ መጀመሪያው አንጓ ስትሰኪው እርጥበት ካለ ዛሬ አታጠጪ።

ዱባ ሥሩ ሲነካ ያኮርፋል፤ አምና የጠወለገው ለዚያ ነው። ዘንድሮ በቀጥታ መዝራትሽ ትክክል ነበር፤ ያጠፋው ጊዜው ነው። እኔ ያደግሁት ከጣርማበር ቁልቁል፣ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ነው። እናቴ የዱባ ችግኝ አፍልታ አታውቅም፤ ፍጉ ከተከመረበት ዳር ፍሬውን በጣቷ ትቀብረዋለች፣ በሳምንቱ ብቅ ይላል። ግን ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አንቺ 2,800 ሜትር ላይ ሆነሽ በኅዳር ውርጭ ነው የዘራሽው። በቀዝቃዛ አፈር የዱባ ፍሬ ሳይበቅል ይበሰብሳል።

መጋቢት ላይ፣ ፀሐይ አፈሩን ስታሞቀው፣ እንደገና ሞክሪ። ጄሪካኑን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚያገኝ ግድግዳ አስጠጊው። ሁለት ፍሬ በሦስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቅበሪ፤ ሁለቱም ከወጡ ደካማውን በመቀስ ቁረጪው እንጂ አትንቀዪው፣ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። ለአንድ ጄሪካን አንድ ዱባ ይበቃዋል። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ሲመሽ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አልብሺው፣ ጧት ግለጪለት።