መብራቱ ተቀየረ፣ ኮራሎቹ ለምን ቀለም ለቀቁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) የማረባበት የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። በቅርቡ የቲ5 ቱቦ መብራቶቼን አውጥቼ ኤልኢዲ ገጠምኩ። ለዓይን እንደውም ከበፊቱ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው። ግን ላይ ያለው አክሮፖራ የሚባለው ቅርንጫፋም ኮራል እየነጣ መጣ፣ ታች ጥግ ላይ ያሉት ደግሞ ቡናማ እየሆኑ ነው። ሰው ብጠይቅ ግማሹ ጨምሪ፣ ግማሹ ቀንሺ ይለኛል። ምን ይሻለኛል? (ግራ የገባት አንባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ስለ ላይኛው፣ ሌላው ስለ ታችኛው ነው የሚያወራው።

በመጀመሪያ ዓይንሽን አትመኚው። የሰው ዓይን ሰማያዊን፣ በተለይ የሞገድ ርዝመቱ ከ420 እስከ 450 ናኖሜትር የሆነውን፣ አሳንሶ ነው የሚያየው፤ ኮራል ውስጥ ያሉት አልጌዎች ግን በደንብ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ «ደብዘዝ ያለ» ያልሽው ብርሃን ለአክሮፖራሽ ከድሮው በጣም የበረታ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ቲ5 ብርሃኑን አሰራጭቶ ነው የሚያበራው። ኤልኢዲ ከጥቂት ነጥቦች ስለሚወረውር መሃል ላይ ይበረታል፣ ጥግና ጥላ ሥር ይሳሳል። ያንቺም ችግር በሁለት በኩል የመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ቡናማው ቀለም የዙዛንቴሌ ነው፤ ኮራሉ ሥጋ ውስጥ ሆነው በብርሃን ምግብ የሚሠሩለት ጥቃቅን አልጌዎች። አረንጓዴው፣ ሮዙ፣ ሐምራዊው ግን ኮራሉ ራሱ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው፣ ብዙዎቹንም የሚሠራው ኃይለኛ ብርሃን እንዳይጎዳው ነው። ብርሃኑ በድንገት ሲበረታበት አልጌዎቹን ያጣል፣ ይነጣል። ሲያንሰው ደግሞ አልጌው ይበዛና ሌላውን ቀለም ይሸፍነዋል፣ ውሃው ውስጥ ያለው ናይትሬትና ፎስፌት (አልጌ የሚመገባቸው ንጥረ ነገሮች) ከፍ ካለማ ይብስበታል።

አሁን የምታድኚው የነጣውን ነው። ቡናማ ኮራል አልታመመም፣ አላማረም እንጂ፤ የነጣው ግን ምግብ የሚሠራለት ስለሌለ በረሃብ ሊሞት ይችላል። የመብራቱን ኃይል ዛሬውኑ ወደ ግማሽ አውርጂ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ጨምሪ። አክሮፖራው ካልተጣበቀ ዝቅ ያለ ቦታ አድርጊው፣ ከተጣበቀ አትነቅንቂው። ደቃቅ ምግብም ስጪው። የታችኞቹን ለጊዜው ተያቸው፣ ብርሃኑ ሲረጋጋ ቦታ ትቀይሪላቸዋለሽ።

ፓር ሜትር (ኮራሉ ውስጥ ያሉት አልጌዎች የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) የሚያውስሽ ሰው ካለ አታመንቺ፣ አንድ ቀን መለካት ወር ሙሉ ከመገመት ይሻላል። በዚህ መሣሪያ ንባብ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150 ይበቃቸዋል፣ አክሮፖራ ከ200 እስከ 350 ባለው ይስማማዋል።

ውሃውንም ለኪ። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲሆን ደስ የሚላቸው አሉ፣ እኔ ግን ያስፈራኛል፤ ጠንካራ ብርሃንና ባዶ ውሃ ሲገናኙ ኮራል ይገረጣል። ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ቢሆን ጥሩ ነው። የድሮው መብራት ውሃውን ትንሽ ያሞቀውም ነበርና ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ መሆኑን እዪ።

አንድ ነገር ግን ለዪ። ነጭ ሆኖ ሥጋው ካለ፣ ፖሊፖቹም (ላዩ ላይ ያሉት አበባ መሰል ጥቃቅን አካላት) ከወጡ፣ ተስፋ አለው። ሥጋው እየተላጠ አጥንቱ ከቀረ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ መብራት ብቻ እየቀነሱ መጠበቅ አያዋጣም፤ ጤነኛውን ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ለብቻው አውጪው። ቀለሙ ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል። በየሁለት ቀኑ መብራቱን የሚነካካ ሰው ኮራሉን ፋታ ይነሳዋል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊውን ብቻ ሳበራ ኮራሎቼ ያበራሉ፣ ነጩን ሳበራ ግን ፈዛዛ ናቸው። ነጩን ጭራሽ ባጠፋውስ?

መልስ፦ ፕሮቲኖቹ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴና ቀይ አድርገው ስለሚመልሱ ነው፣ ማታ ማታ እንደዛ ማየት ይመቻል። ኮራሎቹም በሰማያዊ ብቻ መኖር ይችላሉ። ችግሩ በዚያ ብርሃን መንጣት የጀመረውንና ጤነኛውን መለየት ያስቸግራል። በቀን በጠቅላላው ለ8 ወይም ለ10 ሰዓታት ያህል አብራ፣ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ነጭ ጨምርበት። ፎቶ የምታነሳ ከሆነም ሁሌም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መብራት አንሳ።