ሠራተኛ አይበረክትልኝም

ጥያቄ፦ ዳቦ ቤትና ካፌ አለኝ። ሠራተኛ አይበረክትልኝም። ዓመቱን በ18 ሰው ጀምሬ በ22 ጨረስኩ፤ በመሃል ግን 15 ሰው ሄዶብኛል። ብዙ ነው ወይ? ጓደኛዬ «የአንድ ወር ደመወዝ መያዣ ያዝባቸው» ይለኛል።
ደ. ከአዳማ

መልስ፦ ከመያዣው ልጀምር። ተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ወይም የኅብረት ስምምነት ካላዘዘ፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ መቁረጥ አይፈቅድም። ይልቅ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለመልቀቅ 30 ቀን ቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ይህን ውሉ ላይ ያስፍሩት፤ ሲቀጥሩም በአፍዎ ይንገሩት።

ወደ ስሌቱ። 18 እና 22 ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 20 ነው፤ የዓመቱ አማካይ የሠራተኛ ብዛትዎ ማለት ነው። የሄዱት 15 ለ20 ሲካፈል 75 በመቶ። አዎ፣ ብዙ ነው። ግን 15 ሰው ሄደ ማለት 15 የሥራ ቦታ ተናጋ ማለት አይደለም። ዕቃ ማጠቢያው ላይ ብቻ ስድስት ሰው ተፈራርቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደብተር ያውጡና የእያንዳንዱን ሥራ፣ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ይጻፉ። ሦስት ወር ያልሞላቸውን ያስምሩባቸው። በወሩ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ሲቀጠር የተነገረውና ገብቶ ያየው ስላልገጠመለት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚሄደው ጉዳዩ ሌላ ነው።

ምክንያቱን ግን ከመልቀቂያ ደብዳቤ አይፈልጉ። እኔ አንድ ልብስ ፋብሪካ አስተዳደር ስሠራ ፋይል ሙሉ መልቀቂያ ነበረኝ። ሁሉም «በግል ጉዳይ» ይላል። የአገራችን ሰው የግል ጉዳይ መቼም አያልቅም! አንድ ቀን የለቀቀች ልጅ የሥራ ልምድ ልታጽፍ መጣች። ሻይ አስመጣሁላትና ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ የማታው ሰርቪስ አስፋልት ላይ ነው የሚጥለን። ከዚያ ወዲያ በጨለማ በእግሬ ነው» አለችኝ።

የሄዱትን አድራሻ ባየው፣ ለካ አብዛኞቹ የዚያው ሰፈር ልጆች ናቸው። እኛ ደሞዝ ስንጨምር ከርመናል።

እርስዎም ከሄዱት ለሦስት አራቱ ይደውሉ። አሁን የሚፈሩዎት ነገር የለም። ጋጋሪው ሌሊት በምን እንደሚመጣ ይጠይቁ። ለመስቀል አገር ቤት ሄዶ በዚያው የቀረ ካለ ደግሞ፣ ፈቃድ ሲጠይቅዎት ምን ብለው እንደመለሱለት ያስታውሱ።