«ከጉግል ውጪ የማውቀው የለም» ላልሽኝ የአዘዞዋ እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በነርሲንግ ተመርቀሻል፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልገሻል፣ አሁን እዚሁ ጎንደር ለምርምር ረዳትነት ቃለ መጠይቅ ተጠርተሻል። ማስታወቂያው ላይ ግን «የሕክምና ጽሑፎችን ከዳታቤዝ መፈለግ የምትችል» የሚል መስመር አለ። «ከጉግል ውጪ የማውቀው የለም፤ ልቅር ወይስ አውቃለሁ ልበል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ሁለቱንም አታድርጊ። አውቃለሁ ብለሽ ገብተሽ ጠያቂው ኮምፒውተሩን ወደ አንቺ አዙሮ «እስቲ ፈልጊልን» ካለሽ እዚያው አለቀ። መቅረት ደግሞ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የቀሩሽ 10 ቀናት መሠረቱን ለመያዝ ይበቃሉ።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ተዪውና ወረቀት ያዢ። የአገራችንን ጉዳይ እንውሰድ፣ ካላዛር የሚባለውን በሽታ። መተማና ሁመራ ለእርሻ ሥራ ወርደው ታመው የሚመለሱ ወጣቶችን በልምምድሽ ጊዜ ሳታዪ አልቀረሽም። ጥያቄሽ ይሄ ይሁን፦ ካላዛርና ኤችአይቪ አብረው ላሉባቸው ሰዎች፣ ሚልቴፎሲን ከሌላ መድኃኒት ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ያ መድኃኒት ብቻውን ከሚሰጥ ይሻላል ወይ? ይሄ ጥያቄ አራት ቦታ ይከፈላል። ታካሚው ማነው፣ ምን ተደረገለት፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ፣ ምን ውጤት መጣ። ባለሙያዎቹ ፒኮ ይሉታል፣ ቃለ መጠይቁ ላይም ሊያነሱት ይችላሉ። ግን አራቱንም ፍለጋው ውስጥ አትክተቺ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ። ውጤቱን የሚገልጸው ቃል አብስትራክቱ፣ ማለትም የጽሑፉ አጭር ማጠቃለያ፣ ላይ ላይጻፍ ይችላል፣ አንቺ ደግሞ የግድ ይኑር ካልሽ ዋናው ጽሑፍ ያመልጥሻል።

ቀጥሎ የምትፈልጊያቸውን ቃላት የሚያገናኙት ኤንድ፣ ኦር እና ኖት የሚባሉት ሦስት ቃላት ይመጣሉ። ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ጓደኛሽ ጠፋችብሽ እንበል። «ነጠላ የለበሰች» ብለሽ ብትጠይቂ ግማሹ ጎንደር ነው። «ነጠላ የለበሰችና ቢጫ ጃንጥላ የያዘች» ስትዪ ግን ጥቂት ሰው ይቀራል። ኤንድ እንዲህ ያጠባል። ደግሞ አንዱ ሰው ጃንጥላ ሲል ሌላው ጥላ ይላል፣ ስለዚህ «ጃንጥላ ወይም ጥላ» ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ የሁለቱም መልስ ይደርስሻል። ኦር እንዲህ ያሰፋል። ኖትን ግን ተጠንቀቂው። «መነጽር ያላደረገች» ብለሽ ከለየሽና ያን ዕለት መነጽር አድርጋ ከመጣች፣ አጠገብሽ ቆማም አታገኚያትም። ጽሑፍ ላይም እንደዚሁ ነው፤ ስለ እንስሳት የተጻፈውን በኖት ስታስወጪ ስለ ሰውም ስለ እንስሳም በአንድ ላይ የሚያወራው አብሮ ይወጣል። ለጀማሪ ባይነካ ይሻላል።

ስለዚህ ካላዛርን ቪሰራል ሊሽማንያሲስ ከሚለው ስሙ ጋር በኦር አገናኝተሽ በቅንፍ ትዘጊያለሽ። ኤችአይቪና ኤድስንም እንደዚያው። ሚልቴፎሲን ብቻውን ይቆማል። ሦስቱን በኤንድ ታያይዣቸዋለሽ። ቅንፉን አትርሺ፣ የምትፈልጊበት የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ፣ ፐብሜድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው፣ ያለ ቅንፍ ያላሰብሽውን ያመጣል። ኤንድ፣ ኦር እና ኖትን ደግሞ ሁሌ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊያቸው።

አሁን ስለ ሜሽ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚጠቀምበት የርዕስ ቃላት መዝገብ ነው። ጸሐፊው በሽታውን በፈለገው ስም ይጥራው፣ ጽሑፉ ላይ አንድ ወጥ መለያ ይለጠፍበታል። ካላዛር ብለሽ ብትፈልጊ ፐብሜድ ራሱ ቪሰራል ሊሽማንያሲስ የሚለውን መለያ ጨምሮ ይፈልግልሻል። መለያዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተደረደሩ ናቸው፤ ሰፊውን ስትመርጪ ከሥሩ ያሉት ጠባቦቹም አብረው ይመጣሉ። ችግሩ ፐብሜድ ላይ መለያ የሌላቸው ጽሑፎችም መኖራቸው ነው። ስለዚህ መለያውንም፣ ርዕስና አብስትራክት ላይ የሚገኙትን ተራ ቃላትም በኦር አድርገሽ አብረሽ ተጠቀሚ።

ኮከብ ምልክት የቃሉን መጨረሻ ክፍት ያደርጋል። ቻይልድ ላይ ብታደርጊው ቺልድረንንም ቻይልድሁድንም ያመጣል። ትእምርተ ጥቅስ ሁለት ቃላትን ሳይለያዩ እንዲፈለጉ ያደርጋል። ግን ሁለቱም ፐብሜድ ራሱ መለያ የሚጨምርበትን አሠራር ያጠፉታል፣ እና ሳያስፈልግ አትበትኛቸው።

የት ትፈልጊያለሽ? ፐብሜድ ነጻ ነው፣ ከ35 ሚሊዮን በላይ መዝገብ አለው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምታገኚው አብስትራክት ብቻ ነው። ሙሉ ጽሑፍ በነጻ ለማንበብ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ፐብሜድ ሴንትራል አለ። ከዚያ ሂናሪ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው፣ እንደኛ ያሉ አገሮች በክፍያ የተዘጉ ጆርናሎችን እንዲያነቡ ያስችላል። የሚገባው በተቋም ስለሆነ የተማርሽበት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ የላይብረሪ ባለሙያውን ጠይቂ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ያውቃሉ፣ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው፣ ሁሌ ይቆጨኛል። ኤምቤዝ የሚባለው ሌላ የሕክምና ዳታቤዝ ይከፈልበታል፣ ለጊዜው ስሙን ማወቅ ይበቃሻል። የጉግልን የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ጉግል ስኮላርን፣ አትጣዪው፣ የቀረ ነገር ለመልቀም ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አትደገፊበት።

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘሽ ደግሞ እንደ ክር ጫፍ ያዢው። የተለጠፉበትን መለያዎች እዪ፣ ተመሳሳይ ጽሑፎች የሚለውን ክፈቺ፣ ያላሰብሽውን ቃል እዚያ ታገኚያለሽ።

ቀጣሪሽን የሚያሳምነው ግን የፍለጋሽ መዝገብ ነው። የፈለግሽበትን ቀን፣ ዳታቤዙን፣ የጻፍሽውን ፍለጋ ከነቅንፉ እና ስንት ጽሑፍ እንደመጣ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ጻፊ። ሌላ ሰው ያንን ገጽ ይዞ ያንቺን ፍለጋ መድገም ከቻለ ሥራውን ታውቂዋለሽ ማለት ነው። ፐብሜድ አድቫንስድ የሚለው ገጽ ላይ የፍለጋሽ ታሪክ ከነቁጥሩ ይቀመጣል፣ ግን 8 ሰዓት ሳትነኪው ከቆየ ይጠፋል፣ ስለዚህ ወዲያው ገልብጪው። ሲቪሽ ላይ «ዳታቤዝ እችላለሁ» ብለሽ አትለፊው፤ «ፐብሜድ ላይ በሜሽና በተራ ቃላት የተመዘገበ ፍለጋ ሠርቻለሁ» በዪ፣ ገጹንም አትመሽ ይዘሽ ግቢ።

ዛሬ ማታ በካላዛሩ ጥያቄ ጀምሪ። ከቃለ መጠይቁ 3 ቀን በፊት የሠራሽውን ላኪልኝ፣ ቅንፎቹን አብረን እናያለን።