ፕሪንት እቤት ፍሬም ለማድረግ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች፣ ከኤግዚቢሽን ላይ ኤ3 ፕሪንት ገዝቼ ነበር፣ ከስሩ ነጩ ላይ የሰዓሊው ፊርማና ቁጥር (ከታተሙት ስንተኛው ኮፒ እንደሆነ) በእርሳስ ተፅፎበታል። ፍሬም ቤት ስጠይቅ የነገሩኝ ዋጋ ከፕሪንቱ በለጠብኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፈሽ ስቀይው ትለኛለች። ራሴ ብሰራው ይበላሽብኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይበላሽም፣ ግን እባክሽ ኮላ እንዳታስነኪው! አንዴ ከተለጠፈ ሳይቀደድ አይላቀቅም፣ ፊርማና ቁጥር ያለው ፕሪንት ደግሞ ዋጋው ወረቀቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ነው።

ፍሬሙ ላይ ቆጥቢ፣ ችግር የለውም። እቤት የተቀመጠ የድሮ የምርቃት ፎቶ ፍሬም ካለ ለቁራሌው ከመስጠትሽ በፊት ለኪው፣ እንጨቱ በነቀዝ አለመበሳቱን ብቻ እይ። ብር የሚወጣው ወረቀቱን የሚነካው ነገር ላይ ነው፣ ተራ ካርቶን አሲድ ስላለው ከጊዜ በኋላ ፕሪንቱን ቢጫ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ስቴሽነሪ ስትገቢ አሲድ ፍሪ የሚል ካርቶን ጠይቂ፣ ካጣሽ አሲድ ፍሪ የሆነ የውሃ ቀለም ወረቀት ገዝተሽ ከፕሪንቱ ጀርባ አድርጊ።

ኤ3 ማለት 29.7 በ42 ሳንቲም ነው፣ 40 በ50 ፍሬም ጥሩ ይመጣለታል። ከፊት ለሚሆነው ካርቶን መሃሉ ላይ 28.7 በ41 መስኮት ቁረጪ፣ በየጎኑ ግማሽ ሳንቲም ፕሪንቱን ይይዘዋል፣ ከመቁረጥሽ በፊት ግን ፊርማው እንዳይሸፈን በእርሳስ አስምረሽ እይው። ይሄ ካርቶን ለውበት ብቻ አይደለም፣ ፕሪንቱን ከመስታወቱ ያርቀዋል፣ ካልራቀ ክረምት ላይ እርጥበት ሲይዘው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ማያያዣው እንዲህ ነው፦ ከንፁህ ወረቀት ጎናቸው 1 ሳንቲም የማይሞላ አራት ባለ ሶስት ማዕዘን ኪስ አጥፊ፣ የፕሪንቱን አራት ጥግ አስገቢባቸውና ስኮቹን ኪሱና የኋላው ካርቶን ላይ ብቻ ለጥፊ፣ ፕሪንቱን ምንም ሙጫ አይነካውም፣ ኪሶቹንም የፊቱ ካርቶን ይሸፍናቸዋል። ወጥረሽ ግን አትያዢው፣ ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይለጠጣል፣ ቦታ ካጣ ይሸበሸባል።

ተጠቅልሎ ከመጣልሽ በካውያ እንዳትሞክሪ፣ በሁለት ንፁህ ወረቀት መሃል አድርገሽ ከባድ መፅሀፍ ጫኝበትና ጥቂት ቀን ተይው። መስታወቱን ስትወለውይም ውሃውን ጨርቁ ላይ ነው እንጂ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አትርጪ፣ በጠርዙ ሰርጎ ይገባል።

የት ልስቀለው ካልሽ ፀሀይ በቀጥታ ከሚያገኘው ግድግዳና ከኪችን አርቂው፣ ተራ መስታወት ቀለሙን ከመልቀቅ አያድነውም። ግድግዳሽ ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ሚስማር ብቻ አትመኚ፣ በድሪል አስበስተሽ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ) አስገቢበት።