የታይሮይድ መድኃኒት (ፒቲዩ) ጀምራ ድብርት ለበረታባት እህት፦ ቲኤስኤች ብቻውን አይበቃም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለግሬቭስ በሽታ፣ ማለትም የታይሮይድ ሆርሞን ከመጠን በላይ ለሚበዛበት ሕመም፣ ሆርሞኑን የሚያወርደውን ፒቲዩ የተባለ ኪኒን ከጀመርሽ አምስት ወር ሆኖሻል፤ የእጅሽ መንቀጥቀጥና የልብ ምቱ ጠፍቷል፤ አሁን ግን ከአልጋ መነሳት ከብዶሻል፣ ያለ ምክንያት ያስለቅስሻል፣ ሥራም ካቆምሽ ቆይተሻል። ላብራቶሪው «ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝ ሆርሞን፤ ዝቅ ማለቱ ብዙ ጊዜ ታይሮይዱ እንደበዛ ያሳያል) አሁንም ዝቅተኛ ነው» ስላለ ሐኪሙ መድኃኒቱን ባለበት ቀጥይ ብሎሻል። ቤተሰብ ደግሞ «ድነሽ የለ፣ ምን ያስለቅስሻል?» ይልሻል። የምትጠይቂው ፒቲዩውን ላቁመው ወይስ የድብርት መድኃኒት ልጀምር ነው። ከታች የምጠቅሳቸው የጉበትና የደም አደጋ ምልክቶች ካልታዩ በቀር በራስሽ አታቁሚው። የድብርቱንም ሕክምና አታቆይው። ከሁሉም በፊት ግን በዚህ ሳምንት ፍሪ ቲ-ፎር እና ቲ-ስሪ፣ ማለትም ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጫቸውን ሆርሞኖች፣ ተመርመሪ።

ታይሮይድ ምን እንደሆነ ማብራራቱን እዘለዋለሁ፤ አምስት ወር ኪኒን የዋጠ ሰው ያውቀዋል።

1. ቲኤስኤች ለወራት ሊያሳስት ይችላል። ቲኤስኤችን የሚያመነጨው እንቅርቱ ያለበት የአንገት ዕጢ ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ያለው ፒቱታሪ ነው። ሆርሞኑ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ፒቱታሪ ቲኤስኤች ማመንጨቱን ያቆማል፤ ሆርሞኑ ከወረደ በኋላም ቶሎ አይነቃም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል። በዚህ መሀል ፒቲዩው ቲ-ፎርን ከመደበኛው በታች አውርዶት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቲኤስኤች ዝቅ እንዳለ ስለሚታይ «ታይሮይድሽ ገና አልወረደም» ትባያለሽ። መድኃኒቱ በመጀመሪያው መጠን ይቀጥላል፣ ሆርሞኑ ይበልጥ ይወርዳል፣ ሰውየውም ቀስ በቀስ ይጨልምበታል። ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ ጠዋት ፊት ማበጥ፣ የጡንቻ መጨምደድ፣ የወር አበባ መብዛት፣ የድምፅ መጎርነን፣ ምግብ ሳይጨምሩ መወፈር ከድብርቱ ጋር አብረው ከመጡ ሰውነትሽ የሚናገረውና ቲኤስኤች የሚናገረው ተለያይቷል ማለት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ያለው ቸልተኝነት ነው። ቲኤስኤች ብቻ ይታዘዛል፤ ወይ ገንዘብ ለመቆጠብ፣ ወይ የፍሪ ቲ-ፎር ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) ስላለቀ። የላብራቶሪው መስኮት ላይ ያለው ሰው «የታዘዘልሽ ይሄ ነው» ብሎ ይመልስሻል፤ ሐኪሙ ዘንድ ስትመለሺ ደግሞ ተራሽ አልፏል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚያይሽ ሐኪም ሌላ ነው፤ እሱም የቀደመውን ጽሑፍ አይቶ «ቀጥይ» ይላል። አንዲት ሴት በዚህ መንገድ ግማሽ ዓመት ከአልጋ ሳትነሳ ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ ገና ስትገቢ እንዲህ በይ፦ «ዶክተር፣ ፒቲዩ ላይ ነኝ፣ ቲኤስኤች ቶሎ ስለማይመለስ ፍሪ ቲ-ፎር እና ቲ-ስሪ ይታዘዝልኝ፤ ከባድ ድብርትም አለብኝ።» ይህን መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም። ሕክምናው በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መታየት ያለባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ ትዕዛዙን አጽፈሽ የግል ላብራቶሪ ሄደሽ አሠሪ፤ ከሌላ ነገር ቀንሰሽም ቢሆን ለዚህ የምታወጪው ገንዘብ የባከነ አይደለም።

ውጤቱ ሲመጣ እንዲህ አንብቢው። ቲ-ፎር ዝቅ ብሎ ቲ-ስሪም መደበኛ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ቲኤስኤች ምንም ቢል መድኃኒቱ በዝቶብሻል፤ መጠኑ መቀነስ አለበት። ቲ-ፎር ዝቅ ብሎ ቲ-ስሪ ከፍ ካለ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ግሬቭስ ላይ ይህ ያጋጥማል፣ በሽታው ገና አልበረደም፣ «ቲ-ፎር ወርዷል» ተብሎ ብቻ መድኃኒት ቢቀነስ የልብ ምቱ ተመልሶ ይመጣል። ቲ-ስሪ አብሮ ይመርመር የምለው ለዚህ ነው። ሁለቱም መደበኛ ሆነው ድብርቱ ካለ ደግሞ ድብርቱ በራሱ የቆመ ሕመም ነው፣ እሱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የመለኪያው አሃድ ነው። አንዱ ላብራቶሪ ፍሪ ቲ-ፎርን በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሌላው በፒኮሞል በሊትር ይጽፋል፤ 1 ናኖግራም በዴሲሊትር ወደ 12.9 ፒኮሞል በሊትር ይጠጋል። ባለፈው 1.2፣ አሁን 15 ቢመጣ ምንም አልተለወጠም። ቁጥሩን ምንጊዜም በዚያው ወረቀት ላይ ከተጻፈው መደበኛ ክልል ጋር አስተያዪ፤ ከተቻለሽም ከአንድ ላብራቶሪ አትውጪ።

ሁለተኛው ባዮቲን ነው። ፀጉር ሲረግፍ ብዙ ሴቶች ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ቫይታሚን ይጀምራሉ፤ ዘመድም ከውጭ ይልካል። እነዚህ ብዙ ጊዜ 5,000 ወይም 10,000 ማይክሮግራም ባዮቲን አላቸው። ባዮቲን በብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ቲ-ፎርና ቲ-ስሪን በሐሰት ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ወረቀቱ የታይሮይድ መብዛት ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አንቺ የወረደብሽ ሆነሽ ሳለ ፒቲዩ ሊጨመርብሽ ይችላል ማለት ነው። ቢያንስ ከምርመራው ሁለት ቀን በፊት አቁሚው፤ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብለሽ። ለሐኪሙም ለላብራቶሪውም ተናገሪ፤ እነሱ አይጠይቁሽም።

2. የፒቲዩ መጠንና ሰዓት። ብዙ ሰው የሚጀምረው 100 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ቲ-ፎር ወደ መደበኛው ሲገባ ሐኪሙ በሲሶ ወይም በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የብዙዎች መቆያ መጠን በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊግራም ነው። በአምስተኛው ወር አሁንም በመጀመሪያው መጠን ላይ ካለሽ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ መብትሽ ነው። በተቃራኒው «ድብርት ያመጣብኝ እሱ ነው» ብለሽ በአንድ ጊዜ ብታቆሚው ሆርሞኑ በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ ከ12 እስከ 18 ወር የታቀደው ሕክምናም ከዜሮ ሊጀምር ይችላል።

ጾም ላይ የሚሳተው የቀኑ ኪኒን ነው። ፒቲዩ ሰውነት ውስጥ አይቆይም፣ በየስምንት ሰዓቱ የሚከፋፈለውም ለዚህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ይስማማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ የቀኑን ወደ ዘጠኝ፣ የማታውን ወደ አምስት ሰዓት ግፊው፤ መዝለል ግን የለም። በባዶ ሆድ መዋጥም ግድ አይደለም። ነፍስ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው የሚከለክሉ አይመስለኝም። ጠበልም ከሄድሽ መድኃኒቱ አብሮሽ ይሂድ፤ «እምነትሽ ጎድሎ ነው» ብሎ ኪኒንሽን የሚያስጥልሽን ሰው አትስሚ። እምነትሽን ያዢ፣ ኪኒኑንም ዋጪ።

አንድ ሌላ ነገር ከድብርት ጋር እንዳይምታታ። ፒቲዩ አልፎ አልፎ ጉበት ይጎዳል። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የሽንት መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን ካለ ይህ ድብርት አይደለም፤ መድኃኒቱን አቁመሽ በዚያው ቀን ሂጂና ጉበትሽ ይታይ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አብረው ከመጡም እንደዚሁ፤ ነጭ የደም ሴል ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ሳይሠራ ቀጣዩን ኪኒን አትዋጪ። ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መመለስ እዚህ ላይ ሕይወት ያስከፍላል።

3. ፕሮፕራኖሎል። መጀመሪያ ላይ ለልብ ምቱ የተሰጠሽ፣ ከዚያ ማንም «አቁሚ» ሳይልሽ የቀጠለ ሊሆን ይችላል። ሆርሞኑ ከወረደ በኋላ ሲቀጥል ድካም፣ የእጅና የእግር ቅዝቃዜና ቅዠት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም ድብርቱን ሊያከብደው ይችላል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ የልብ ምትሽን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪና ጻፊው። ከ60 በታች ከሆነ፣ ስትነሺም የሚያዞርሽ ከሆነ ለሐኪሙ አሳዪ። በአንድ ቀን አይቆምም፤ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። አስም ካለብሽ ከመጀመሪያውም ሊሰጥሽ አይገባም ነበር።

አሁን ወደ ድብርቱ ልምጣ፤ ከዚህ በኋላ በቁጥር መክፈሉም አይመቸኝም፣ ሁሉም የተያያዘ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ድብርትን የሚለኩበት ፒኤችኪው-9 የሚባል የዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ አለ፤ በአማርኛም ይሠራበታል። ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና የሚያስፈልገው ድብርት ይጠረጠራል። ታይሮይድ ያለበት ሰው ላይ ግን እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት፣ ትኩረት ማጣትና የእንቅስቃሴ መዘግየት ከሆርሞኑም ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ሌሎቹን መልሶች ለይተሽ ተመልከቻቸው፦ ትወጂው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቷል? ራስሽን ዋጋ ቢስና ለሌሎች ሸክም አድርገሽ ታያለሽ? ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል? እነዚህ ካሉ «ሆርሞኑ ሲስተካከል ይለቅሻል» ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይታከማሉ።

የሞት ሐሳብ ካለ ደግሞ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ይቆይ። ዛሬ ለአንድ ለምታምኚው ሰው በግልጽ ንገሪው፤ ቤት ያሉትን ኪኒኖች ሁሉ እሱ ይያዛቸውና የቀኑን ብቻ ይስጥሽ፤ ብቻሽን አትደሪ፤ አቅራቢያሽ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ በክልል ከተሞችም ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወይም የሠለጠነ ነርስ አላቸው። «አማኑኤል ገባች» ይሉኛል ብለሽ አትፍሪ፤ የሰው ወሬ ያልፋል።

የድብርት መድኃኒት ከታዘዘልሽ፣ እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ጠዋት ጠዋት ነው፤ ሰርትራሊንም አለ። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይጀምራል፣ ሙሉ ጥቅሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት መቁነጥነጥ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል፤ ግሬቭስ ያለበት ሰው ይህን ሲያይ «ታይሮይዴ ተመለሰ» ብሎ ፒቲዩ ይጨምራል። የልብ ምትሽን ቁጠሪ፤ ካልፈጠነ ምናልባት የድብርቱ መድኃኒት ነው፣ ታገሺው። ጭንቀቱ ከከበደሽ ወይም የሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ወዲያው ለሐኪሙ ንገሪ። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ስለሆነ ሊታዘዝልሽ ይችላል፤ የልብ ምት ስለሚያፈጥን ሆርሞኑ ገና ከፍ ያለበት ሰው ላይ አይመከርም፣ ይህን አስታውሺያቸው። ፕሮፕራኖሎል እየወሰድሽ ፍሉኦክሰቲን ከተጨመረም የታይሮይዱንም የድብርቱንም ሐኪም አሳውቂ፤ ምቱ ከሚገባው በላይ ሊዘገይ ይችላል። ሲሻልሽ ወዲያው አይቆምም፤ ከዳንሽ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር ይቀጥላል፣ ከዚያም በሐኪም እየተቀነሰ ይወጣል።

ሆርሞኑ ወረቀት ላይ ከተስተካከለ በኋላም ስሜት ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው። ቲ-ፎርና ቲ-ስሪ መደበኛ ሆነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈ በኋላ ድብርቱ ካልተነሳ «ታይሮይዱ ነው» የሚለውን ተዪውና የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ጫት ካለ ይቁም፤ ምቱንም ያፈጥናል፣ ሲለቅም ስሜትን ይጥላል። ቡናም ልብሽ እስኪረጋጋ በአቦሉ ይብቃ።

ስለ ውፍረቱም ልበል፣ ብዙዎቻችሁ በውስጥ የምትጽፉልኝ ስለሱ ነውና። በሽታው ሲታከም የቀነሰው ኪሎ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ጎረቤት «ተመችቶሻል» ይላል፣ ትናንት «ምን ነካሽ፣ ከሳሽ» ያለው ያው ሰው። ለመክሳት ብላችሁ ፒቲዩ የምትዘሉ ሴቶች አላችሁ፤ የምትቀንሱት ስብ ብቻ አይደለም፣ ጡንቻችሁንም ነው፤ ልባችሁና አጥንታችሁም ይጎዳሉ። ኪሎው በፍጥነት እየጨመረ ከሆነ ራሱ የመድኃኒት መብዛት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ወደ ፍሪ ቲ-ፎሩ ተመለሱ።

ለቀጠሮው አንድ ደብተር ያዢ። በአንድ ገጽ ላይ ቀን፣ የፒቲዩ መጠን፣ ቲኤስኤች፣ ቲ-ፎር፣ ቲ-ስሪ፣ ኪሎ፣ የጠዋት የልብ ምትና የስሜትሽን ነጥብ ከ10 በመስመር ጻፊ። ሐኪሙ ቢለዋወጥም ደብተሩ ከአንቺ ጋር ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጠኑ ከሆርሞኑና ከስሜትሽ ጋር እንዴት እንደሄደ ያያል። እርግዝና ካሰብሽ ወይም የወር አበባሽ ከዘገየ ያንንም አስቀድመሽ ተናገሪ፤ የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን በዚያ ይወሰናል።

ውጤቱ ሲመጣልሽ ስምሽንና የካርድ ቁጥርሽን ሸፍነሽ፣ አሃዱንና መደበኛ ክልሉን ጨምረሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ለሐኪሙ የምትጠይቂውን አብረን እናዘጋጃለን።